ከኦቦ እስከ ሚኒሶታ፦ ድንበር የለያቸው ዘመዶች በስልክ እንዴት ይገናኛሉ?

ኦቦ በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ የሞያሌ ምርጫ ክልል ከተከፋፈለባቸው ሰባት ዋርዶች አንዷ ናት። ከሞያሌ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በሶሎሎ በኩል የኢትዮጵያን ድንበር ተጠግታ ትገኛለች። አብዛኛው ነዋሪ ቦረና ሲሆን ኑሮው የተመሠረተው በከብት፣ በግመልና በፍየል ላይ ነው። አጎቱ፣ አማቱ ወይም የእህቱ ልጅ ሜጋ፣ ሂዲ ሎላ ወይም ያቤሎ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ከተሞች ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ «ውጭ አገር ያለ ዘመድ» የግድ ባሕር የተሻገረ ሰው አይደለም፤ ከብት እየነዱ የሚደረስበትም ሊሆን ይችላል። ከዚያው ቤት የወጣው ሌላው ልጅ ናይሮቢ ይሠራል፤ እህቱ ጂዳ ወይም ዱባይ ትሆናለች፤ የአጎቱ ልጅ ደግሞ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ከገባ ቆይቷል።

እነዚህን ሁሉ ዛሬ የሚያገናኛቸው የእጅ ስልክ ነው። ስልኩ ግን ሁሉንም እኩል አያቀርብም። ሚኒሶታ ካለ ልጃቸው ጋር በኢንተርኔት ለረጅም ሰዓት የሚያወሩ እናት፣ ከድንበሩ ማዶ ላለው ወንድማቸው በመደበኛ መስመር ሲደውሉ የውጭ አገር ጥሪ ዋጋ ይከፍላሉ። በስልክ ዘመን የዘመድ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ በታሪፍ፣ በኔትወርክና በመታወቂያም ጭምር ነው።

ድንበሩ የከፈለው ዘመድ

የኢትዮጵያና የዛሬዋ ኬንያ ድንበር መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1907 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ነው። መስመሩ የቦረናን ምድር ለሁለት ከፈለው። ግጦሹ፣ የውኃ ጉድጓዱና ጎሳው ግን አብሮ አልተከፈለም። በበጋ ከብቱ ውኃ ወዳለበት ይነዳል፤ ጋብቻው፣ ብድሩና ዕርቁ ድንበር ይሻገራል። የገብራ፣ የገሪና የቡርጂ ሕዝቦችም በሁለቱም አገሮች ዘመድ አላቸው። ሞያሌ ከተማ ራሷ ግማሿ በኢትዮጵያ፣ ግማሿ በኬንያ ነው፤ በገበያዋም ቦረንኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ ይሰማል።

ወደዚህ አካባቢ መድረስ ለረጅም ጊዜ ከባድ ነበር። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከናይሮቢም ርቀቱ ተቀራራቢ ነው። በኬንያ በኩል ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ለብሶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሞያሌን የጋራ የድንበር ኬላ መርቀው ከፍተዋል። መንገዱና ኬላው ጉዞውን አቀለሉት፤ የዕለት ተዕለቱን ወሬ፣ ሰላምታና ምክር ይዞ የሚሻገረው ግን ስልክ ነው።

ከደብዳቤና ከካሴት እስከ ሞባይል

ስልክ ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ረጅም መስመር ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ሽቦ ነበር። ይሁን እንጂ ስልኩ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የጥቂት ከተሜዎች መገልገያ ሆኖ ቆየ። ተራው ሰው ከሩቅ ዘመዱ ጋር የሚገናኘው በደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውንም ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ፖስታ ቤት ሳይሆን ወደዚያ የሚሄድ ነጋዴ፣ ሾፌር ወይም ተማሪ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ያነብለታል፤ የቤተሰቡ ምሥጢር በአንባቢው ጆሮ ማለፉ አይቀርም።

የካሴት መቅረጫ ሲስፋፋ ነገሩ ተሻሻለ። ውጭ አገር ያለው ልጅ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ይልካል፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይሰማና በዚያው ካሴት ወይም በሌላ መልሱን ይቀዳል። ዛሬ በስልክ የሚላከው የድምፅ መልእክት ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ ቴሌ ቤት ሄዶ ወረፋ ይይዛል፤ ኦፕሬተሯ መስመር እስክታገኝለት ይጠብቃል። ጥሪው ውድ ስለነበር ንግግሩ አጭር ነበር። ደህንነት ይጠየቃል፣ ጉዳዩ ይነገራል፣ ይዘጋል።

ሞባይል ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ከምርጫ 97 በኋላ ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዘግቶ ቆይቷል። ኬንያ ውስጥ በርካታ ኩባንያዎች ሲወዳደሩ፣ በኢትዮጵያ አገልግሎቱን ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ድምፅ ታሪፍን በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ ሲቀንስ ለብዙ ቤተሰቦች መደወሉ ቀለለ። ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በድሬዳዋ በሙከራ ጀምሮ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ።

ሁለት ሲም በአንድ ስልክ

የኢትዮጵያ የስልክ መለያ ቁጥር 251 ነው፤ የኬንያ 254። በሞያሌ ሁለቱ ቁጥሮች ጎረቤት ናቸው። ከኬንያው ሞያሌ በኬንያ ሲም ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ የሚደወል ጥሪ፣ ሰዎቹ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ቢራራቁም፣ በሂሳብ መዝገብ የውጭ አገር ጥሪ ነው። የኦቦ ሰው ወደ ሜጋ ሲደውልም እንዲሁ ነው።

የአካባቢው ሰው መፍትሔ ያገኘው ከራዲዮ ሞገድ ባሕርይ ነው። ከአንቴና የሚወጣ ሞገድ ኬላ ላይ አይቆምም፤ መሬቱ እስከፈቀደለት ድረስ ማዶ ይሻገራል። በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ የኬንያ መስመር ይሠራል፤ በኬንያ በኩልም ድንበሩ አጠገብ የኢትዮጵያ መስመር ይያዛል። ስለዚህ ብዙዎች ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ይገዛሉ፦ አንዱን የኬንያ፣ አንዱን የኢትዮጵያ። ለኢትዮጵያ ዘመድ በኢትዮጵያ ሲም፣ ለናይሮቢ ልጅ በኬንያ ሲም ይደወላል። ካርድ ያለቀበት ሚስኮል ያደርጋል፤ አቅም ያለው ይደውላል። በብዙ ቤተሰቦች ይህ እንደ ደንብ ነው፦ ደዋዩ ደመወዝ ያለው ነው፣ ሚስኮል የሚያደርጉት ወላጆች ናቸው።

የዚህ ዘዴ ችግር ስልኩ ራሱ መስመር ሲመርጥ ይመጣል። ስልክ የራሱን ኩባንያ ሞገድ ሲያጣ ያገኘውን የሌላ አገር መስመር ሊይዝ ይችላል፤ ያኔ ባለቤቱ ሳያውቀው የሮሚንግ ሂሳብ ይቆረጥበታል። መከላከያው ቀላል ነው፦ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ኔትወርኩን በእጅ መምረጥና የዳታ ሮሚንግን መዝጋት።

ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2014 በመካከላቸው የሚደረገውን ጥሪ ወደ አገር ውስጥ ዋጋ የሚያቀርብ የጋራ የኔትወርክ ቀጣና መሥርተዋል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። በድንበሩ ወዲያና ወዲህ ዘመድ ያላቸው ሕዝቦች ግን እንዲህ ያለ ስምምነት ያስፈልጋቸዋል።

ድምፅ፣ ምስልና ጽሑፍ

የኢንተርኔት ጥሪ የታሪፍ ድንበርን ያልፋል። ድምፁ ወደ ዲጂታል ተለውጦ፣ በትናንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ በዳታ ይጓዛል፤ ለኢንተርኔት ኦቦና ሚኒሶታ የዋጋ ልዩነት የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው ዋትስአፕ በኬንያ እጅግ ተለምዷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራም ሰፊ ቦታ ይዟል። ደካማ መስመር ላይም የሚሠራው ኢሞ በአረብ አገር ከሚሠሩ ልጆች ጋር ለሚገናኙ ቤተሰቦች የታወቀ ነው። በተባበሩት አረብ ኢምሬቶች የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይፈቀድ፣ እዚያ ያሉት እንደ ቦቲም ያለ ፈቃድ ያለው መተግበሪያ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው በሄደበት አገር ልክ መተግበሪያ መጫን ግድ ይሆንባቸዋል፤ የሚጭንላቸውም ብዙ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ነው።

ለድንበር አካባቢ ሰው ትልቁን ለውጥ ያመጣው የድምፅ መልእክት ነው። ኬንያ የተማረው ቦረና የሚጽፈው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። ኢትዮጵያ የተማረው ዘመዱ በቁቤ ወይም በፊደል ይጽፋል። ሁለቱ የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ሲሆን ጽሑፉ ግን አያገናኛቸውም፤ ፊደል ያልቆጠሩት አያቶች ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ናቸው። የድምፅ መልእክት ይህን ሁሉ ያልፈዋል። በቦረና ባህል ሰላምታ አጭር አይደለም፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል። ይህን ሰላምታ በጽሑፍ ማሳጠር ይከብዳል፤ በድምፅ ግን ሙሉውን መላክ ይቻላል። ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክቱ ይጠብቃል፣ ሲመለስ ይደርሳል።

በአማርኛ ለሚጽፉትም መንገዱ የተከፈተው ዘግይቶ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም በርካታ ስልኮች ፊደሉን እስኪያሳዩ ድረስ ሰዎች አማርኛን በላቲን ፊደል ይጻጻፉ ነበር።

የቪዲዮ ጥሪ ከሁሉም የበለጠ ዳታ ይበላል፤ ፈጣን መስመርም ይፈልጋል። ለዚህ ነው በገጠር ቀበሌዎች ቪዲዮ ለበዓል፣ ለአዲስ ሕፃንና ለታመመ ሰው የሚቆየው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ኢንተርኔት በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ከባሕር ውስጥ ኬብሎች ጋር ይገናኛል፤ የኬንያው መስመር የሚያልፈው በሞያሌ ነው። ኬብሉ የሚያልፍበት አካባቢ ሁሉ ግን ፈጣን ኢንተርኔት አለው ማለት አይደለም፤ ኬብሉን ለሰው የሚያደርሱት አንቴናዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኬንያ የገባው የስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት አንቴና ለሌለበት ቦታ አማራጭ ሆኗል፤ የመሣሪያው ዋጋ ግን ለአንድ አርብቶ አደር ቤተሰብ ከባድ ነው።

ሰዓትም ይታሰባል። ኢትዮጵያና ኬንያ አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ አማርኛም ስዋሂሊም ሰዓትን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ ነው። ሳውዲ አረቢያም ከእነሱ ጋር እኩል ናት፤ ደቡብ አፍሪካ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ሚኒሶታ ግን እንደ ወቅቱ በስምንት ወይም በዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ኦቦ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ የልጁ የምሳ ዕረፍትና የእናት የማታ ጊዜ የሚገጥሙት ያኔ ነው።

በድርቅ ጊዜ ደግሞ ጥሪው ከናፍቆት በላይ ነው። ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በአካባቢው አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈዋል፤ ብዙ ከብት አልቋል። «ጋና» የሚባለው ዋናው ዝናብ ወይም «ሀጋያ» የሚባለው አጭሩ ዝናብ የት እንደጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ ውኃ እንዳለው፣ የትኛው መንገድ ሰላም እንደሆነ ከማዶ ዘመድ መስማት መንጋ ያድናል።

ገንዘቡ እንዴት ይደርሳል?

ዘመድን መጠየቅ ባዶ እጅ አይሆንም። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ኤም-ፔሳን ኬንያ ውስጥ ሲጀምር በባንክ ቅርንጫፍ ያልተደረሰው ሰው ገንዘብ በስልክ መቀበል ቻለ። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ላኪው ጥሬ ገንዘቡን ለወኪል ይሰጣል፤ ሂሳቡ በስልኩ ይመዘገባል፤ ወደ ተቀባዩ ቁጥር ያስተላልፋል፤ ተቀባዩ በአቅራቢያው ካለ ወኪል ያወጣል። ኢንተርኔት ስለማያስፈልገው በተራ ስልክ ይሠራል። ናይሮቢ ያለ ልጅ ለኦቦ እናቱ የከብት መድኃኒት መግዣ በደቂቃዎች ውስጥ ያደርሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳም ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ።

ችግሩ አሁንም ድንበሩ ላይ ነው። ሽልንግና ብር፣ የኬንያና የኢትዮጵያ የገንዘብ ሕግ የተለያዩ ናቸው። በዚህ ክፍተት መካከል የሚሠሩት በሞያሌ ገበያ ያሉ ገንዘብ ለዋጮችና የሐዋላ ሰዎች ናቸው። ሐዋላው ፈጣንና በመተማመን የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን ፈቃድ በሌለው መንገድ የተላከ ገንዘብ ቢጠፋ ደረሰኝ ይዞ የሚከሰስ ሰው የለም። በሕጋዊው መንገድ ደግሞ ዋጋው ይከብዳል። የዓለም ባንክ እንደሚያሳየው በዓለም ላይ 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይከፈላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ግብ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ይህን ከ3 በመቶ በታች ማድረስ ነው። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ማድረጓ በባንክ መላክን ካለፈው ይልቅ አዋጭ አድርጎታል።

ሠርግ፣ ልቅሶና መርዶ

ስልክ የቤተሰብን ወግ እየለወጠ ነው። ሠርግ በቀጥታ ቪዲዮ ይተላለፋል፤ ውጭ ያለው ወንድም ሙሽራውን ይመርቃል፣ ስጦታውንም በዚያው ሰዓት ይልካል። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ወይም ለዕርቅ ሲቀመጡ ሩቅ ያለው አጎት በስፒከር ሐሳቡን ይሰጣል። ቀድሞ በሌለበት የሚወሰንበት ሰው ዛሬ ድምፅ አለው።

ጉዳቱ የሚታየው በሞት ነው። በኢትዮጵያ ባህል መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ይታሰባል፤ ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች ብዙ ጊዜ ማለዳ ቤቱ ሄደው፣ አረጋግተው ይነግሩታል። የፌስቡክ ጽሑፍና የቡድን መልእክት ይህን ሥርዓት ይቀድሙታል። ሥራ ላይ ያለች ሴት የእናቷን ሞት ከማታውቀው ሰው «ነፍስ ይማር» ላይ ልታነብ ትችላለች። ጠንቃቃ ቤተሰቦች ለዚህ መላ አበጅተዋል፦ መጀመሪያ ሐዘንተኛዋ ባለችበት አገር ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ይፈለጋል፤ እሱ ቤቷ ሄዶ በአካል ይነግራታል፤ ፎቶና ጽሑፍ የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ቴክኖሎጂው አዲስ ቢሆንም ወጉን ጠብቆ መጠቀም እንደሚቻል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

መስመር ሲቋረጥ

የስልክ ዋጋ በደንብ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ከ1990ው ጦርነት ጀምሮ የስልክ መስመር ለ20 ዓመታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጥሪ ሲከፈት ዘመድ ዘመዱን አገኘ፤ ዘመድ የሌለው እንኳ በግምት ቁጥር እየደወለ ከማያውቀው ሰው ጋር ደስታውን ተካፈለ። በትግራይ ጦርነትም ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መስመር ሲዘጋ ውጭ ያሉ ቤተሰቦች የወላጆቻቸውን በሕይወት መኖር ሳያውቁ ብዙ ወራት አሳልፈዋል።

ሞያሌም ከእንዲህ ያለ መለያየት አላመለጠችም። መጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያው ሞያሌ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ኬንያ ሸሽቷል። እንዲህ ባለ ሽሽት ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ይለያያሉ፤ ስልክም ይጠፋል፣ ባትሪም ያልቃል። በዚህ ጊዜ የቀይ መስቀል ሥራ ይጀምራል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴና የየአገሩ ማኅበራት የጠፋን ሰው ይፈልጋሉ፣ አጭር የቤተሰብ መልእክት ያደርሳሉ፣ በካኩማና በዳዳብ የስደተኞች መጠለያዎችም ነፃ ጥሪ ያስደውላሉ። ዘመዱ የጠፋበት ሰው በአቅራቢያው ያለውን የቀይ መስቀል ቢሮ መጠየቅ ይችላል፤ አገልግሎቱ ክፍያ የለውም።

ያልተደረሱትና የሚታለሉት

ስልክ ለመያዝ ሲም ያስፈልጋል፤ ሲም ለማውጣት መታወቂያ። በሰሜን ኬንያ ድንበር አካባቢ ያሉ ዜጎች መታወቂያ ለማግኘት ለብዙ ዓመታት ልዩ ማጣራት ይደረግባቸው ነበር። መታወቂያ የሌለው ወጣት በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ይጠቀማል፤ ስለዚህ የሚላክለት ገንዘብ የሚመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው። መብራት በሌለበት ሠፈር ስልክ የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ወይም ገበያ ላይ ባለ ሱቅ ነው። በብዙ ቤቶች ስልኩ የሚያዘው በአባወራው ወይም በወንድ ልጅ እጅ ስለሆነ፣ ሴቶች ከዘመዳቸው ጋር የሚያወሩት በሰው ፊት ነው። አረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶችም አሠሪ ስልካቸውን ሲወስድባቸው ድምፃቸው ይጠፋል።

አታላዮችም በዚሁ መስመር ይመጣሉ። ሞያሌ ከሃዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ወጣቶች የሚያልፉባት በር ናት፤ ደላሎች መንገደኛውን አግተው ቤተሰቡን በስልክ ገንዘብ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። «ታስሬያለሁ፣ ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል የሐሰት መልእክትም የተለመደ ነው፤ ዛሬ የሰው ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ቴክኖሎጂ ስላለ ድምፅ መስማት ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ከመላክ በፊት በቀድሞው የታወቀ ቁጥር መልሶ መደወል፣ ዘመዱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር መጠየቅ፣ የምሥጢር ቁጥርን ለማንም አለመስጠት ያስፈልጋል። ከአገር የሚወጣ ሰውም የሁለት ሦስት ዘመዶችን ቁጥር በቃሉ ይያዝ ወይም በወረቀት ይጻፍ፤ ስልኩ ቢወሰድበት የሚያድነው ያ ነው።

ቴክኖሎጂው ከሞላ ጎደል ዝግጁ ነው። የጎደለው ድንበር ላይ ላለው ሰው የሚስማማ ሕግና ዋጋ ነው። የኢትዮጵያና የኬንያ መንግሥታት በሞያሌ የጋራ ኬላ ማቋቋም እንደቻሉ፣ በድንበሩ ማዶና ማዶ ለሚደረግ ጥሪና ለሚላክ አነስተኛ ገንዘብ የአገር ውስጥ ዋጋ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ሊያወጡም ይገባል። የቤተሰቡ ድርሻ ደግሞ ከዚያ ያነሰ አይደለም፦ ወጣቱ ለአያቱ የድምፅ መልእክት አሰማምና አላላክ ያስተምር፤ ውጭ ያለውም ገንዘብ በሚልክበት ቀን ብቻ ሳይሆን በሌላውም ቀን ይደውል።